ይድረስ ለተከበሩ ለመጀመሪያው ዋጋ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከኪሴ በስተቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ቅዳሜው ጋቢ ነው። ያስታውሱኛል? ሽሮ ሜዳ፣ ለአባቴ ጋቢ ልገዛ የመጣሁት ሰውዬ ነኝ። ሻጩ ጋቢውን ዘረጋ፣ ጥለቱን ወደ ብርሃን አዞረ፣ ከዚያ እርስዎን ጠራ። «ሰባት ሺህ አምስት መቶ።»

ከቤት ስወጣ ያሰብኩት ሁለት ሺህ ምናምን ነበር። እርስዎን ከሰማሁ በኋላ ግን ሁለት ሺህ ማለት ሰውየውን መስደብ መሰለኝ። «አራት ሺህ» አልኩ። አንገቱን ነቀነቀ። እንደ ወጉ ጥዬው ሄድኩ። ሦስተኛው ሱቅ ሳልደርስ «ና በቃ፣ ና ውሰድ!» አለኝ። 4,800። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ብር አስቀንሼ! ታክሲ ውስጥ ጋቢውን እንደ ዋንጫ ታቅፌው ነው የመጣሁት።

ቤት ስደርስ ቡና ተፈልቷል። ጎረቤታችን እማማ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አሸት አሸት አደረጉት።

«ስንት አሉህ?»

«ሰባት ተኩል ብሎኝ፣ በአራት ሺህ ስምንት መቶ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የፋብሪካ ክር ነው። እኔ ለፋሲካ በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ገዛሁት። እዚያው ሽሮ ሜዳ።»

ሚስቴ ወደ ጀበናው ዞረች። ሳቋን ብትውጠውም ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስለ እርስዎ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ፋይል አለብዎ! አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የሚባሉ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች ናቸው የከፈቱብዎ። ስምዎም «አንከሪንግ» ነው፤ መልህቅ መጣል እንደማለት፤ መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ግምታችንን ወደ ራሱ ጎትቶ ይይዘዋል። ሰዎቹ ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ መንኮራኩር አሽከረከሩ። መንኮራኩሩ የተጠመደ ነው፣ ወይ 10 ላይ ወይ 65 ላይ ብቻ ይቆማል። ከዚያ ተማሪዎቹን ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ስንት በመቶ ናቸው ብለው ጠየቁ። 10 የወጣላቸው ተማሪዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ። 65 የወጣላቸውስ? 45። እስቲ መንኮራኩር ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? የኔ ሻጭ ቢያንስ ጋቢውን በእጁ ነክቶታል።

ተማሪ ነው፣ ይሳሳታል እንበል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ደግሞ የጀርመን የሕግ ባለሙያዎች ዳይስ እንዲጥሉ ተደረገ። ያም የተጠመደ ነው፤ ድምሩ ወይ 3 ወይ 9። ከዚያ በወረቀት ላይ ለቀረበላቸው የሱቅ ሌባ ቅጣት ወሰኑ። 3 የወጣላቸው በአማካይ አምስት ወር ገደማ ፈረዱ። 9 የወጣላቸው ስምንት ወር ገደማ። ዳይሱን የጣሉት እኮ ራሳቸው ናቸው!

እዚህ ላይ ጋቢው ቀርቶ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ «ቀድሞ ይከፈልዎ የነበረ ደመወዝ» የምትል ሳጥን አለች። ሁላችንም ሞልተናታል። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ጨንቆኝ፣ ስንት ነው ሳልል የተቀበልኳት ደመወዝ ነበረች። ከዚያ ሦስት መሥሪያ ቤት ቀየርኩ። በሦስቱም ያቺ ቁጥር ቀድማኝ ገብታ ወንበር ይዛ ጠበቀችኝ። ስንት ዓመት የሠራሁት፣ የተማርኩት፣ ያመሸሁት ሁሉ አንድም ሰው ዓይን ውስጥ አልገባ። «ከነበረህ ላይ ሃያ በመቶ ጨመርንልህ እኮ!» ይሉኛል። እኔ የጠየቅኩት ሥራው ስንት ያወጣል ብዬ ነው! አንተን ማን ጠራህ? የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በጭንቀት የፈረመባት ቁጥር እስከ መቼ ነው ልጆቼን የምታሳድገው?

ይቅርታ፣ «አንተ» አልኩዎት።

ስለ ቤት ኪራይ ደላላና ስለ እርስዎ ወዳጅነት ምንም አልልም። አንባቢ ያውቀዋል።

አሁን ነቅቻለሁ ብዬ ዛሬ ጠዋት ቲማቲም ልገዛ ወጣሁ። ኪሎውን 140 አለኝ። ተከራክሬ በ110 ወሰድኩ። ለእማማ አላሳየሁም።

ጋቢውን እሁድ ለአባባ ወሰድኩላቸው። ተከናንበውት፣ ጥለቱን እያዩ፣ «ስንት ገዛኸው ልጄ?» አሉኝ።

«ሰባት ሺህ አምስት መቶ ነው ዋጋው» አልኳቸው።

ቆመው መረቁኝ።

አክባሪዎና ደንበኛዎ