ከጮቄ ጫፍም የማይታይ ብርሃን አለ
«የኅዋ ቴሌስኮፕ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ለእኛ ጮቄ ተራራ ላይ የሚተከለው ይበቃል» የሚለውን የጽሑፉን ድምዳሜ አልቀበለውም። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ የማስተምር እንደመሆኔ የጮቄን ሰማይ አውቀዋለሁ፤ በበጋ ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ጫፉን አይለቅም። ጉሙስ ያልፋል፤ ኤክስሬይንና አጭር ሞገድ ያለውን አልትራቫዮሌት ግን ከባቢ አየሩ ስለሚውጣቸው፣ 4,000 ሜትር ላይ ብንወጣም አናገኛቸውም። ከኅዋ ሆኖ ለመመልከት ደግሞ የግድ ግዙፍ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀችው የአሜሪካዋ ትንሽ የኅዋ ቴሌስኮፕ አስቴሪያ፣ 10 ኪሎ ገደማ ብትመዝንም፣ ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ ያለች ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የሚፈጠረውን እጅግ ጥቂት የብርሃን መቀነስ ለክታለች። ከላይ «መጀመሪያ የራሳችን ሮኬት ይኑረን» ላሉት አስተያየት ሰጪ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም በ2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ከቻይና ምድር ነበር።