አጎዛ እከክ አያመጣም

«የመንዝ በግ አጎዛ ላይ መተኛት እከክ ያመጣል፤ የበጉ ተባይ ሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ አጎዛውን ማቃጠል ነው» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። እዚሁ መንዝ፣ መሐል ሜዳና ሞላሌ ላይ ይህን አንብቦ ደህና አጎዛ የሚያቃጥል ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው የምጽፈው።

የበግ ቅማል ሰው ላይ አይኖርም። የበግ እከክ አምጪዋ ተባይም ወደ ሰው ብትሻገር ጥቂት ቀን ታሳክክ ይሆናል እንጂ አትራባም። የሰው እከክ የሚመጣው ከሰው ነው፤ አብሮ ከማደር፣ ገላ ለገላ ረዘም ላለ ጊዜ ከመነካካት። በእኛ ብርድ ደግሞ ቤተሰቡ ተጠጋግቶ ነው የሚተኛው። የሰው እከክ አምጪዋ ተባይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ከሰው ገላ ከተለየች አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ትሞታለች።

ሰዉን የሚያሳስተው ጊዜው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ትናንት የተኛበትን አጎዛ ይወነጅላል። ታክሞም ቢሆን ተባዩ ከሞተ በኋላ ማሳከኩ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። ፍርሃቱ የሚብሰው ያኔ ነው። ሌሊት ገላው ላይ የሚሄድበት ይመስለዋል፣ ማላታይን የሚረጭም አለ (ምነው! ለሰብል የተሠራ መርዝ እኮ ነው)።

ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚቀባውን መድኃኒት መቀበል ነው፤ ያላሳከከውም ጭምር፣ ቤተሰቡ በአንድ ቀን ይቀባ። ልብሱ በፈላ ውኃ ይታጠብ። ከሰው ገላ የወደቀች ካለች እንድትሞት አጎዛው ላይ ለአንድ ሳምንት ማንም አይተኛበት፣ በቃ።

መዥገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ሰውንም ይነክሳል።