አጭር ዕረፍቴን የሰረዘ ደሞዜን ነው የሰረዘው

ባለፈው ቅዳሜ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚጫወተው ጨዋታ) ጠረጴዛችን ላይ ዲኤማችን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ አዲስ ሕግ አወጀ። «ከዛሬ ጀምሮ አጭር ዕረፍት የለም፤ ጨዋታውን ያንዛዛል» አለ። አጭር ዕረፍት ማለት ገጸ ባሕርያቱ አንድ ሰዓት አርፈው ከኃይላቸው ከፊሉን የሚመልሱበት ነው። ረጅሙ፣ የስምንት ሰዓቱ፣ ግን እንዳለ ነው። እኔ ዋርሎክ ነኝ፣ አስማቱ በአጭር ዕረፍትም የሚመለስለት አስማተኛ። አጠገቤ የተቀመጠው ዊዛርድ፣ አስማቱ በዋናነት በረጅሙ ዕረፍት የሚመለስለት ሌላው አስማተኛ፣ አጨበጨበ። ለምን አያጨበጭብ?

ያንዛዛል? «አንድ ሰዓት አረፋችሁ»። በቃ፣ ሦስት ቃል ነው።

ይህን ስለው ሌላ ምክንያት አመጣ። ጭራቅ በሞላበት ዋሻ ውስጥ አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት የማይመስል ነገር ነው አለኝ። እዚያው ዋሻ ውስጥ ስምንት ሰዓት ተጋድሞ ማንኮራፋትስ ይመስላል? ማታ ዘንዶ እሳት ተፍቶበት ሞት አፋፍ የደረሰው ተዋጊያችን ፋይተሩ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስቶ ቁርስ ሲጠይቅ፣ ማንም «እንዴት ሆኖ?» አላለም። የሚመስልና የማይመስል የሚለየው የእኔ ሰዓት ላይ ሲደረስ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊዛርድ የወር ደሞዝተኛ ነው። ጠቀም ያለ ገንዘብ አንዴ ይቀበላል፣ ከዚያ አብቃቅቶ መድረስ የራሱ ጉዳይ ነው። ዋርሎክ የቀን ሠራተኛ ነው። ትንሽ ያገኛል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ያገኛል። ዲኤማችን ተነስቶ «በየቀኑ መክፈል አሰልቺ ነው፤ ሁላችሁም ወር ሲያልቅ ትከፈላላችሁ» አለ። ሲሰሙት እኩልነት ይመስላል። የቀን ሠራተኛው ወር ሲያልቅ የሚቀበለው ግን የአንድ ቀን ሒሳብ ነው!

ቁጥሩን እዩት። ገጸ ባሕርያችን አምስተኛ ደረጃ ላይ ናቸው፣ የምንጫወተው በእ.ኤ.አ. 2014ቱ ሕግ ነው። ዊዛርዱ 9 ስሎት (አንድ ስፔል፣ ማለትም አስማት፣ የመጣያ ዕድል) አለው፤ ከእነሱ ሁለቱ ሦስተኛ ደረጃ ናቸው፣ አሁን የምንደርስበት ከፍተኛው የስፔል ደረጃ። እኔ 2 አለኝ። ሁለት! እርግጥ ሁለቱም ሦስተኛ ደረጃ ናቸው። የዲኤሙ መጽሐፍ በቀን ከ6 እስከ 8 ውጊያ፣ በመሃል ደግሞ ሁለት ያህል አጭር ዕረፍት ብሎ ነው ያሰላው። ያኔ ስድስት ጠንካራ ስፔል አለኝ፣ ከእሱ ዘጠኝ ጋር ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ዕረፍቱን አንሱት። እሱም ሁለት ጠንካራ፣ እኔም ሁለት ጠንካራ፤ እሱ ግን በላዩ ላይ ሰባት ምራቂ ይዟል። «ኤልድሪች ብላስት አለህ አይደል» ይሉኛል፤ ስሎት የማትበላ፣ እንዳሻኝ የምደጋግማት ስፔል ናት። አዎ፣ ደረቅ እንጀራም ምግብ ነው።

(ዊዛርዱ ራሱ አርኬን ሪከቨሪውን፣ ከስሎቱ ከፊሉን የሚያስመልስበትን ችሎታ፣ የሚያገኘው በአጭር ዕረፍት ነው። አጨብጭቦ ሳይጨርስ አልነገርኩትም።)

በባዶ እጁ የሚዋጋው መንካችን ኪው (የልዩ ችሎታዎቹ ጉልበት)፣ ፋይተሩም አክሽን ሰርጁ (በተራው አንድ ተግባር የሚጨምርለት ችሎታ) የሚመለስለት በዚችው አንድ ሰዓት ነው። ዝም ያሉት ገና ስላልገባቸው ይመስለኛል። አድብቶ የሚመታው ሮጋችን ግድ የለውም፤ ስኒክ አታክ የሚባለው ምቱ ዕረፍት አያውቅም።

«በ2024ቱ ሕትመት ተስተካክሏል» የሚሉም አሉ። ምኑ? ዋርሎክ የአንድ ደቂቃ ሥርዓት ፈጽሞ የስሎቱን ግማሽ ያስመልሳል፤ ያውም ረጅም ዕረፍት እስኪመጣ አንዴ ብቻ። የሁለት ግማሽ ስንት ነው? ይሄ ደሞዝ ሳይሆን ጉርሻ ነው። የ6 እስከ 8 ውጊያውን ምክር ደግሞ ከአዲሱ የዲኤም መጽሐፍ አወጡት። ሚዛኑን ትተው የሚዛኑን ድንጋይ ጣሉ።

በ2008ቱ አራተኛ እትም አጭር ዕረፍት አምስት ደቂቃ ነበር። ያ እትም ሌላ ጣጣ ነበረው፣ ክላሱ (ዋርሎክ፣ ዊዛርድ፣ ፋይተር የሚባለው ሙያ) ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ ተብሎ ብዙ ተሰድቧል፤ ልክም ነበር። አምስቷ ደቂቃ ግን ምን አጠፋች? ዲኤማችን ሰዓቱ ካስጨነቀው ይቺን ይውሰዳት ብዬ ለምኜ ነበር። «እናየዋለን» አለኝ።

እስኪያየው ድረስ ቅዳሜ ዊዛርድ ይዤ እመጣለሁ። የመጀመሪያው በር ላይ ያለኝን ስፔል ሁሉ እጨርስና «እንተኛ» እላለሁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ በላይ ረጅም ዕረፍት አይቻልም ካለኝም ችግር የለም፤ እዚያው በሩ ሥር ተቀምጬ ነገን እጠብቃለሁ።