ሕክምናውን የተወው ዶክተር

እናቴ ስትደውልልኝ ከሰላምታ ቀጥላ የምታነሳው ወሬ አንድ ነው። «ያ የጎረቤታችን ልጅ ዶክተር ሆነልህ፣ ሰማህ?» ነገሩ ለእኔ መሆኑ ይገባኛል። ሕክምና ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። በእኛ ሰፈር ከዚህ ስርቆት ይሻላል።

ለዚህ ነው እዚህ ፕራግ የኤድቫርድ ግሬግርን ታሪክ ሳነብ ልቤ የራሰው። በ1827 ተወልዶ በ1854 በሕክምና ተመረቀ (ዘመኑ በፈረንጅ ነው)። የታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ የፑርኪኜ ረዳት ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እሱ ግን ትቶት ማተሚያ ቤት ከፈተ። ወንድሙ ዩልዩስ በ1861 «ናሮድኒ ሊስቲ» የተባለውን የቼክ ጋዜጣ መሠረተ፤ በጋዜጣው የተነሳም ታሰረ። ሁለቱም ፖለቲካው ውስጥ ተነከሩ።

ያኔ ቼኮች በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ናቸው። «የቦሄሚያ (የአገራቸው) ታሪካዊ መብት አልተከበረም» ብለው ከ1863 ጀምሮ የቪየናውን ፓርላማ ጥለው ወጡ። በኋላ ፕራግ ያለውን የቦሄሚያን ምክር ቤትም ተዉት። የዚህ መንገድ መሪዎች ፓላትስኪና የልጁ ባል ሪገር ነበሩ። ዓመታት አለፉ። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሕጉ ግን ይወጣል። በ1874 «ወጣት ቼኮች» የሚባሉት 7 ተመራጮች ሽማግሌዎቹን፣ እነ ፓላትስኪን፣ አልሰማም ብለው ፕራግ ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ግሬግር ከመሪዎቹ አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት። ምርጫ 97 ትዝ አለኝ። የቅንጅት ተመራጮች ፓርላማ ይግቡ፣ አይግቡ? ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ዶርም ውስጥ በዚህ ጉዳይ ተኮራርፈን ሳንነጋገር የሰነበትን ነበርን። እኔ «አይግቡ» ባይ ነበርኩ፣ ያውም ጯሂው።

ቼኮቹ በ1879 ወደ ቪየናም ተመለሱ። በ1880 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለባለጉዳይ በገዛ ቋንቋው እንዲመልስ ታዘዘ። በ1882 የፕራግ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ተከፈለና ቼኮች የራሳቸውን አገኙ። ታዲያ «አየህ፣ መግባት ይሻላል» ብዬ እንዳልፈርድ አንድ ነገር ይይዘኛል። የቪየናው ጠቅላይ ሚኒስትር የቼኮቹ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። የሚፈልግህ ሰው በር ይከፍትልሃል። የእኛዎቹን የጠበቃቸው ግን እስር ቤት ነው።

ደግሞ የሚገርመው፣ «እንግባ» ያሉት የግሬግር ሰዎች ኋላ ላይ ሪገር ከቪየና ያመጣውን ሁሉ «ፍርፋሪ ለቀማ» እያሉ አፌዙበት። በ1891 ምርጫም ሽማግሌዎቹን ጠራረጓቸው። ማን ነው ለዘብተኛው፣ ማን ነው አክራሪው? እኔም ግራ ገባኝ።

ባለፈው እናቴ ስትደውል ይህን ሁሉ በዝርዝር አወራኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ታዲያ ከዚያ በኋላ ወደ ሕክምናው ተመለሰ?» አለችኝ።