“አቁሙ” የሚለው ማነው?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ ቡናማ ጠርሙስ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ፣ ከቁም ሳጥን ጥግ ተገኘ። ወረቀቱ ደብዝዞ “ኤተር” የሚለው ቃል ብቻ ይነበባል። ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ነገር ጋግሯል። ያስቀመጡት መምህር ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

ለማያውቅ ሰው፣ ኤተር አንዴ ከተከፈተ በኋላ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቀስ እያለ ይዋሃድና ፐርኦክሳይድ የሚባል ነገር ይፈጥራል። ይሄ ነገር ደርቆ ክዳኑ ላይ ከተጋገረ ክዳኑን ማዞር ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ አይነካም፣ አይነቀነቅም። ባለሙያ ተጠርቶ ነው የሚነሳው። ባለሙያ ደግሞ በነጻ አይመጣም።

ማን ይክፈል? ጭቅጭቁ ከዚህ ጀመረ። ስለ ጠርሙሱ ግን ብዙም አልተወራ።

መጀመሪያ የተናገሩት የኬሚስትሪው መምህር ናቸው። ጸጉራቸው የሸበተ፣ በሙያቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። “የደህንነት ክፍል የሚባል አለ አይደል? ደመወዝ ይከፈለዋል። እኔ የተቀጠርኩት ላስተምርና ልመራመር ነው። የሰው ጠርሙስ በተገኘ ቁጥር እኔን ምን አድርግ ትሉኛላችሁ?”

የደህንነት ክፍሉ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት። ድምጿን ሳታነሳ መለሰች። “ዶክተር፣ እኛ እኮ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን። እርስዎ ላብ (ቤተ ሙከራ) ብንመጣ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። ተማሪዎቹ በየቀኑ የሚያዩት እርስዎን ነው። እርስዎ ያለ መነጽር ከገቡ፣ እኔ ግድግዳውን በማስጠንቀቂያ ብሸፍነው ማን ያነበዋል?”

“እኔ ያለ መነጽር ገብቼ አላውቅም።”

“ባለፈው ሳምንት ገብተዋል” አሉ ቴክኒሻኑ ከጥግ። ሁሉም ሳቀ። ዶክተሩም ሳቁ፤ ግን ነገሩ አልበረደም።

“እሺ፣ ይሁን። ግን የእናንተ ሥራ ምንድነው? ቅጽ! ቅጽ ሙሉ፣ ቅጽ ፈርሙ፣ ቅጽ አድሱ። ደህንነት በወረቀት ይመጣል እንዴ? ካረን ዌተርሃንን ታውቋታላችሁ?”

ታሪኩን ለተማሪዎቻቸው እንደሚነግሩት አድርገው ነገሩን። የዳርትማውዝ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ነበረች፣ የመርዛማ ብረቶች ባለሙያ። በ1996 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ነሐሴ ላይ ዳይሜትል ሜርኩሪ ከሚባል ኬሚካል ጥቂት ጠብታ እጇ ላይ ወደቀ። የላቴክስ ጓንት አድርጋለች። የምትሠራው ትነት ወደ ውጭ በሚስበው ሁድ ውስጥ ነው። በጊዜው የሚባለውን ሁሉ አሟልታለች። ከወራት በኋላ ሚዛኗን መጠበቅ አቃታት፣ ንግግሯ ተንተባተበ። በሰኔ 1997 ሞተች። በኋላ ሲፈተሽ ኬሚካሉ ያንን ዓይነት ጓንት በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልፈዋል።

“ቅጹ ላይ ‘ጓንት አድርጋለች’ በሚለው ፊት ምልክት ይደረግ ነበር” አሉ ዶክተሩ። “ምልክቱ አዳናት?”

ኃላፊዋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ “አላዳናትም። ግን ዶክተር፣ ጓንት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ዛሬ የምናውቀው በምን ሆነና? ሞቷ ከተመረመረ፣ ከተጻፈና ለሌላው ላብ ከተላከ በኋላ እኮ ነው መመሪያው የተቀየረው። ያንን አንብቦ ‘ይሄ ጓንት ለዚህ ኬሚካል አይሆንም’ የሚል ሰው ያስፈልጋል። እኔ ሁሉንም ላብ፣ ሁሉንም ኬሚካል አላውቅም። የእርስዎን ሙከራ በደንብ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት” አለች።

ጥሩ መልስ ነው። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ አሸንፋ ነበር። እሷ ግን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የሎስ አንጀለስ ጉዳይ አነሳች።

በታኅሣሥ 2008 መጨረሻ ላይ ነው። የ23 ዓመት ረዳት ተመራማሪ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ፈሳሽ በፕላስቲክ ሲሪንጅ እየቀዳች ነበር። የሲሪንጁ መግፊያ ተነቅሎ ወጣ። የላብ ጋዋን አልለበሰችም፣ ሹራቧ ተቀጣጠለ። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች። መምህሩም ዩኒቨርሲቲውም በወንጀል ተከሰሱ። በ2014 መምህሩ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረጉት ስምምነት 800 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እና 10,000 ዶላር ለቃጠሎ ሕክምና ማዕከል እንዲሰጡ ተወሰነ።

“አዩ፣ ዶክተር? መምህሩ ነው የተጠየቀው” አለች።

ዶክተሩ ይህን ጉዳይ ከሷ በላይ ያውቁታል። “ያልነገርሽን ነገር አለ፣ እህቴ። ከቃጠሎው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ያንን ላብ የደህንነት ሰዎች መርምረውታል። ሠራተኞቹ ጋዋን እንደማይለብሱ ጽፈዋል። የማስተካከያ ቀነ ገደብም ሰጥተዋል። ቀኑ አለፈ። ላቡ ሥራውን ቀጠለ። ልጅቷ ሞተች። እንግዲህ ጻፋችሁ፣ ሄዳችሁ። ምን ጠቀመ?”

ማንም አልመለሰም። ቴክኒሻኑ ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። እኚህ ሰው ዕድሜያቸው ከሁሉም ስለሚበልጥ ዶክተሩ ሳይቀሩ “ጋሼ” ነው የሚሏቸው።

“እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ” አሉ። “ያን ቀን ያ መርማሪ ‘በቃ፣ ይሄ ላብ ዛሬ ይዘጋ’ ማለት ይችል ነበር ወይ? ይቺ ልጅስ ትችላለች? እኔ የምጠይቀው እሱን ነው። መዝጋት ካልቻለች ምን ታድርግ? ትጽፋለች። እኔም ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ።”

ከዚያ የሆዳቸውን ዘረገፉ። ዓይን ማጠቢያው ፊት ካርቶን ይደረደራል። አሲድ ዓይኑ የገባ ሰው እዚያ ለመድረስ 10 ሰከንድ ነው ያለው፤ ካርቶን ሊያነሳ ነው? ከደረሰ በኋላም 15 ደቂቃ ሙሉ መታጠብ አለበት። ቧንቧው በየሳምንቱ ካልተከፈተ ደግሞ ዝገት ነው የሚተፋው። በየሳምንቱ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ሁዱንም መጋዘን አድርገውታል፣ ጠርሙስ በጠርሙስ። መስታወቱን ወደ ታች የሚዘጋ የለም። በማሽን የሞቀውና የቀዘቀዘው የክፍሉ አየር ሌሊቱን ሁሉ ወደ ውጭ ሲጣል ያድራል።

“የኤሌክትሪኩ ሂሳብ ለካ ከዚያ ነው!” አለ የፋይናንሱ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ።

የፋይናንሱ ሰው አቋም አጭር ነው፤ ያመጣው ይክፈል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን የኬሚካል ቆሻሻ ማስወገጃ ከራሱ በጀት ይሸፍን። ላብ ስለመዝጋት ደግሞ መስማትም አልፈለገም። “ለምርምሩ ገንዘብ የሰጠን አካል ምን ይለናል?”

ኃላፊዋ እዚህ ላይ ተቆጣች። “በጠርሙስ ካስከፈልካቸው ማንም ጠርሙስ አያስረክብም። ወይ ከቁም ሳጥን ጀርባ ይደብቁታል፣ ወይ ማታ ማታ ሲንክ ውስጥ ይደፉታል። ሲንኩ የት ነው የሚሄደው? ዛሬ የተገኘው ኤተር ከሰማይ የወረደ ይመስልሃል?”

“ዩኒቨርሲቲው ከከፈለላቸው ደግሞ በበርሜል ይገዛሉ” አለ እሱ። “ትልቁ ጠርሙስ በሊትር ሲሰላ ይረክሳል። ሩቡን ይጠቀሙበትና ቀሪው ለእኛ።”

ሁለቱም ልክ ናቸው። የአንዳንድ ኬሚካል ማስወገጃ ዋጋ ከመግዣው ይበልጣል። ይሄን ደግሞ ገዢው ሲገዛ አያየውም።

“እንግዲያው ሲገዛ ቁረጡበታ!” አሉ ጋሼ። “ሲያስረክብ ምን ያስከፍላችኋል?” የፋይናንሱ ሰው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገ። የዚያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ወረቀት ላይ የሰፈረው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

አንዲት የዶክትሬት ተማሪም ነበረች። እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ አላለችም። ኃላፊዋ ናት የጎተተቻት። “አንቺ ሥልጠና ወስደሽ ፈርመሻል አይደል?”

“ፈርሜያለሁ፤ የገባሁ ቀን” አለች ተማሪዋ። “ምን እንደፈረምኩ ግን አላስታውስም። ሁላችንም ተሰልፈን ነው የፈረምነው።” ቀጥላም፣ “ሌሊት ብቻዬን ስሠራ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም” አለች።

ዶክተሩ ዞር ብለው አዩዋት። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“ውጤቱ እስከ ሰኞ ይድረስ ብለውኝ ነበር።”

ከዚህ በኋላ የክርክሩ ወዝ ተለወጠ። ኃላፊዋ በ2011 ዬል ዩኒቨርሲቲ ላይ የደረሰውን አነሳች። ሊመረቅ የደረሰች ተማሪ፣ ሌሊት፣ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻዋን ስትሠራ ጸጉሯ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ተርኒንግ ማሽን ተይዞ ሞተች። ኬሚካል የለ፣ ፍንዳታ የለ። አጠገቧ ማሽኑን የሚያጠፋ ሰው አልነበረም።

ተማሪዋ ግን ሌላ ነገር ማለት ፈልጋለች። “ትንንሹን ነገር አናወራም” አለች። “ጨርቅ ትንሽ ቢቃጠል እናጠፋዋለን፣ ዝም። ማን ‘እኔ ነኝ’ ይላል? የምረቃ ወረቀቴን የሚፈርመው ያው ሰው ነው።”

ስለዚህ ነገር እኔም ትንሽ አነባለሁ። በመጋቢት 2016 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ቅይጥ የያዘ ታንክ ፈንድቶ አንዲት ተመራማሪ ክንዷን አጥታለች። በዋዜማው አነስተኛ ታንክ ስትጠቀም ከውስጡ የመሰነጣጠቅ ድምፅ ሰምታ ነበር። የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው። በጥር 2010 አንድ ተማሪ በፍንዳታ ሦስት ጣቶቹን አጣ። በዚያው የምርምር ቡድን ቀደም ሲል ሰው ሳይጎዳ ያለፉ ሁለት አደጋዎች ነበሩ። ትልቁ ከመምጣቱ በፊት ትንሹ ያንኳኳል። በሩን የሚከፍት ከሌለ ምን ያድርግ!

ሰዎቹ ሳይስማሙ ተለያዩ። እኔ ግን የየትኛው ወገን እንደሆንኩ ልናገር።

በዋናው ጉዳይ ዶክተሩ ተሸንፈዋል። ላቡ የሳቸው ነው። ምን እንደሚቀላቀል፣ በምን ያህል መጠን እንደሚቀላቀል የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። በቴክሳስ ቴክ የሚፈነዳው ውህድ ከ100 ሚሊግራም በላይ እንዳይሠራ ገደብ ነበረ፤ ግን በአፍ የሚነገር ገደብ ነው። አልተጻፈም፣ የሚከታተለውም አልነበረም። ተማሪዎቹ 10 ግራም አካባቢ ሠሩ፤ የመቶ እጥፍ ማለት ነው። ይሄን ከሩቅ ቢሮ ሆኖ ማን ይይዘዋል? እዚያው ያለ ሰው እንጂ።

ስለ ቅጹ ግን እሳቸው ልክ ናቸው። ተሰልፎ የተፈረመ ፊርማ የሚጠብቀው ዩኒቨርሲቲውን ነው፤ ተማሪዋን አይደለም። እኔን ቢጠይቁኝ ግማሹን ቅጽ እቀድና በምትኩ አንድ ነገር አስገድድ ነበር። አደገኛ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት መምህሩና ተማሪው ጎን ለጎን ቆመው “ይሄ ቢበላሽ ምን እናደርጋለን?” ብለው ይነጋገሩ። ያሉትንም በራሳቸው ቃል ይጻፉት።

የጠርሙሱን ሂሳብ ዩኒቨርሲቲው ይክፈል፤ ሌላ ማን ሊከፍል ነው? ለወደፊቱ የጋሼ ሐሳብ ይበጃል፣ ግዢ ላይ ይቆረጥ። ጡረታ የሚወጣም ሆነ የሚለቅ መምህር ደግሞ ላቡን ሳያስረክብ አይሂድ። ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ከቤተ መጻሕፍት የወሰደውን አንድ መጽሐፍ ያልመለሰ ሰው ክሊራንስ አያገኝም። ቁም ሳጥን ሙሉ ፈንጂ ትቶ የሚሄደው ግን በሽኝት ንግግርና በስጦታ ነው የሚወጣው።

ተማሪዋን በተመለከተ፣ ትንንሹን አደጋ ለመምህሯ ሳይሆን በቀጥታ ለደህንነት ክፍሉ ትንገር። ስሟ አይጠቀስ። “ማን አጠፋ” የሚለው ጥያቄም ቅጹ ላይ አይኑር። ዶክተሩ ይሄን እንደማይወዱት አውቃለሁ።

የመጨረሻው ነገር የሥልጣን ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት ቦርድ የቴክሳስ ቴክን አደጋ ሲመረምር ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ አልጣለም። የደህንነት ክፍሉ ላቦቹን ማዘዝ ለሚችል ባለሥልጣን በቀጥታ ተጠሪ አልነበረም ብሏል። እዚህ የተከራከሩት ሰዎች ዘንድም ያው ነው። ኃላፊነቱ እሷ ላይ ነው፣ ሥልጣኑ ሌላ ሰው ጋ። አደጋ ሲደርስ “የት ነበርሽ?” ትባላለች፤ ከአደጋው በፊት ግን “ማን ነሽ?” ነው የሚሏት። ስለዚህ ኃላፊዋ ለፕሬዚዳንቱ በቀጥታ ተጠሪ ትሁን። ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ካየች፣ የምርምሩ ገንዘብ ከየትም ይምጣ፣ ላቡን እዚያው መዝጋት ትችል። ተሳስታለች የሚል መምህር በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ሄዶ ይከራከራት። ላቡ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ እንደተዘጋ ይቆያል።