የደነገጠች እናት ወተት አይመረዝም

እህቴ፣ «ክፉ ነገር ያየች እናት ጡት ታስጥል፣ ድንጋጤው በወተቷ ይተላለፋል» ያልሽው ልክ አይደለም። እዚህ ጅማም ሲባል እሰማለሁ፤ ከክፋት አይደለም። ድንጋጤ የወተቱን መውረድ ለጊዜው ሊያዘገይ ይችላል እንጂ ወተቱን አይመርዘውም።

ልጅ የእናቱን ጭንቀት ከፊቷ ያነባል። ሂርማታ ገበያ ጎረቤቴ ልጇን ታቅፋ ሳለ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። ክው አለች። ልጁ ወደ ባጃጁ ዞር እንኳ አላለም፤ የእሷን ፊት አየና ለቅሶውን ለቀቀው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሕፃን የእናቱን ፊት እንዴት እንደሚከታተል አሳይቷል። እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን አደንዝዛ ዝም ስትል ሕፃኑ መጀመሪያ ሊያጫውታት ይሞክራል፤ እምቢ ስትለው ይረበሻል፣ ፊቱን ያዞራል።

ስለዚህ ጡት አታስጥሏቸው። ይልቅ ልጁን ተቀብሎ እናቲቱን ትንሽ ማስተኛት ነው፤ ካልቀለላት ደግሞ ባለሙያ ትይ።