እርማት፦ የሐዲድ ስፋትና የሞዴሉ ምጥን አንድ አይደሉም

«በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሞዴል ባቡር ሁሉ ኤች ኦ ነው» ተብሎ የተሰጠው መልስ፣ ብዙዎች የሚያምኑበት ቢሆንም፣ ስሕተት ነው። ኤች ኦ (HO) ማለት መጠኑ የእውነተኛው ባቡር 1/87ኛ የሆነ የሞዴል ምጥን ሲሆን፣ በብሪታንያ የተለመደው ኦ ኦ (OO) ግን 1/76ኛ ያህል ነው፤ የሚሄዱት ግን በአንድ ዓይነት ሐዲድ ላይ ነው። የብሪታንያ ባቡሮች ከሌላው አውሮፓ ባቡሮች ጠበብና ዝቅ ያሉ ስለሆኑ፣ ኦ ኦ በተጀመረበት ዘመን የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር በ1/87ኛው አካል ውስጥ አልገባ ብሎ በማስቸገሩ፣ አምራቾች ሐዲዱን እንዳለ ትተው የባቡሩን አካል ብቻ አሳደጉት። በዚህ የተነሣ የኦ ኦ ባቡር ከሥሩ ጠቦ ይታያል፤ 1435 ሚሊ ሜትሩ መደበኛ ሐዲድ በዚያ ምጥን 18.83 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባው ነበርና።

ልዩነቱ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ በኤች ኦ ምጥን መሥራት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው 12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ነው። በ16.5ቱ ላይ ከተሠራ፣ የፉርጎዎቹ ዝገትና አቧራ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀባ፣ መስመሩ የራሱን መልክ አይይዝም።